ስልክ ማስቀመጫው ሱቅ፦ በደሴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጃፍ የነበረ የቬፕ ሽያጭ

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የአንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እናት ወደ ቢሮዬ መጡ። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «መምህር፣ ዩኒፎርሙን ላጥብ ስል ከኪሱ አገኘሁት። የኮምፒዩተር ዕቃ መሰለኝ፤ የትምህርት ቤቱ ከሆነ ልጄ ሌባ እንዳይባልብኝ ብዬ ነው» አሉኝ። ዕቃው ከክብሪት ቀፎ ጥቂት ረዘም ያለ፣ ከላይ ቢጫ ሆኖ ወደ ታች ብርቱካናማ የሚሆን፣ በአንዱ ጫፍ ጠፍጣፋ አፍ፣ በሥሩ ደግሞ የስልክ ቻርጀር የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው ነበር። እኔም እያገላበጥኩ አየሁት እንጂ ምን እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። የገባኝ ባሸተትኩት ጊዜ ነው፤ ማንጎ ማንጎ ይል ነበር። ያንን ሽታ ከጥቅምት ጀምሮ በሁለት ክፍሎች ውስጥ ሲያውደኝ ሰንብቶ፣ ከመቀመጫዎቹ መካከል አንዷ ልጅ የተቀባችው ቅባት ነው ብዬ አልፌው ነበር።

የእኚህ እናት ልጅ ከአንድ ሳምንት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ፊቱ ገርጥቶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ካስታወከ በኋላ ጓደኞቹ ደግፈው ጤና ጣቢያ ወስደውት ነበር። ባዶ ሆዱን ስለመጣ ነው ተባለ፤ እኛም አመንን፤ እናቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርሱን ሳይበላ ከቤት እንዳይወጣ በር ላይ ቆመው መጠበቅ ያዙ። ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ግን የዚያ ቀን ሕመም ሌላ ስም እንዳለው ተረዳሁ። ያለ ልምድ በባዶ ሆድ ብዙ ኒኮቲን የሳበ ሰው የሚያሳየው ምልክት ልክ ያው ነው፤ መገርጣት፣ ማላብ፣ የምራቅ መብዛት፣ ማስታወክና የልብ ትርታ መፍጠን።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ እስከ ቀጣዩ የትምህርት ዘመን መግቢያ ድረስ የሆነውን ይዘግባል። በወቅቱ የ10ኛ ክፍል ዩኒት ሊደርና የባዮሎጂ መምህር ስለነበርኩ፣ ከዚህ በታች ከሚነገሩት ስሕተቶች ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ የእኔም ፊርማ አለባቸው። የተማሪዎቹን፣ የወላጆቹን፣ የሱቁንና የትምህርት ቤቱን ማንነት የሚጠቁሙ ዝርዝሮች ሆን ተብለው ተትተዋል።

ዕቃው

ተማሪዎቹ «ቬፕ» ይሉታል፤ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። በውስጡ ትንሽ የሊቲየም ባትሪ፣ ፈሳሽ የጠጣ ጥጥ መሰል ነገር፣ በጥጡ መካከልም ቀጭን የሽቦ ጥቅል አለው። ተጠቃሚው በአፉ ሲስብ ባትሪው ይነሣል፣ ሽቦው ይግላል፣ ፈሳሹም ጉም ሆኖ ይወጣል። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ጣዕም ሰጪ ኬሚካልና ኒኮቲን የተቀላቀለበት ነው። «እንፋሎት ብቻ ነው» የሚለው የሻጮች ቃል ሰውን የሚያዘናጋው እዚህ ላይ ነው፤ ከጀበና አፍ የሚወጣው እንፋሎት ውሃ ነው፣ ከዚህ የሚወጣው ጉም ግን ከነኒኮቲኑ የተበተነ የዚያ ፈሳሽ ብናኝ ነው። ከሲጋራ የሚለየው ትምባሆ ስለማይቃጠል ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሌለበት መሆኑ ሲሆን፣ ይህ ልዩነት ለሃያ ዓመት ሲያጨስ ለኖረ ሰው ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ሲጋራ በአፉ ነክቶ ለማያውቅ የ16 ዓመት ልጅ ግን ምንም ያተረፈለት ነገር የለም።

በማስተማሪያ ክፍሉ የኬሚስትሪ ባልደረባዬ የዕቃውን ጀርባ በማጉያ መነጽር አነበበ። 12 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ይላል። ጠመኔ አንሥቶ አባዛው፤ 600 ሚሊ ግራም ሆነ። ከአንድ ሲጋራ ወደ አጫሹ ደም የሚገባው ኒኮቲን በአማካይ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ነው። ከዕቃው ውስጥ ሩቡ ብቻ ወደ ሰውነት ይገባል ብለን ብንነሣ እንኳ ከ75 እስከ 150 ሲጋራ የሚስተካከል ኒኮቲን በአንድ የዩኒፎርም ኪስ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ። ሲጋራ ጀማሪውን በሳል ያባርረዋል፤ አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ሲጋራ በእንባ ነው የሚያስታውሰው። በእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ ያለው ኒኮቲን ብዙውን ጊዜ በጨው መልክ የተዘጋጀ በመሆኑ ጉሮሮን አይቧጭርም፤ ስለዚህ ጀማሪን ይጠብቅ የነበረው ሳል የለም። ኒኮቲኑ ከሳንባ ወደ አንጎል ለመድረስ 20 ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፤ የሰው አንጎል ደግሞ እስከ 25 ዓመት ገደማ እድገቱን ስለማይጨርስ በ16 ዓመት የተያዘ ሱስ ከጎልማሳ ሱስ ይልቅ ሥር ይሰዳል።

እኛ መምህራን ለምን ሳናየው እንደቆየን ሲታሰብ፣ ከስንፍናችን ሌላ ሁለት ምክንያቶች ነበሩ። የመጀመሪያው፣ ትምባሆ በአገራችን ከብዙ አገሮች አንጻር ሲታይ የሚያጨሰው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ትምባሆ ይጠቀሙ የነበሩት 5 በመቶ ገደማ ነበሩ። ተማሪ ሲጠረጠር የሚጠረጠረው በጫት ነው እንጂ በጭስ አይደለም። ሁለተኛው የደሴ ብርድ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ከጦሳ የሚወርደው ቅዝቃዜ ሰልፍ ላይ የቆመውን ተማሪ ሁሉ ከአፉ ጉም ያስወጣዋል። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከኋላ ረድፍ ሆኖ ቬፕ የሚስብ ልጅና መዝሙር የሚዘምር ልጅ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው።

የመጀመሪያው ምላሽና ያስከተለው ዝምታ

የሥነ ምግባር ኮሚቴው በዚያው ሳምንት ተሰበሰበ። ያስታወከው ተማሪና አብሮት የተጠራ ጓደኛው ለሁለት ሳምንት ከትምህርት እንዲታገዱ፣ ጠዋት በር ላይ የቦርሳ ፍተሻ እንዲጀመር ተወሰነ። ውሳኔውን የፈረምነው አምስት ነን፤ እኔ ሦስተኛው ነኝ።

ፍተሻው በአሥር ቀን ውስጥ አንድም ዕቃ አልያዘም። ማንጎው ግን ከክፍል አልጠፋም፤ እንዲያውም ሐብሐብ የሚሸት ተጨመረበት። የከፋው ግን የልጆቹ አፍ መዘጋቱ ነበር። «ከየት ገዛችሁት?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ ሁሉ መልሱ «መንገድ ላይ አገኘሁት» ሆነ። እርግጥ ነው፤ የተናገረ ሰው ራሱ ተጠቃሚ እንደነበረ ማመኑ ነው፣ ያመነ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ቤቱ ይቀመጣል። ልጁን አስቀድመን በመቅጣታችን የሻጩን ስም ከእጃችን አወጣነው። ይህን ለመረዳት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ያስረዳኝም መመሪያ ወይም ሥልጠና ሳይሆን ያቺው የመጀመሪያዋ እናት ናቸው። እገዳው ሲያልቅ ልጃቸውን ይዘው መጡና «መምህር፣ እኔ ሳልቆጣ ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። እናንተ ግን ብትጠይቁት አይነግራችሁም፤ ፈርቷችኋል» አሉ።

ልጁ ለእናቱ የነገራቸው ይህ ነበር። ዕቃው የእርሱ ብቻ አልነበረም። አራት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 450 ብር አዋጥተው በ1,800 ብር ገዝተውታል፤ እንደ እቁብም ለእያንዳንዳቸው ተራ አውጥተው በየቀኑ ይቀባበሉታል። ያቺ የታመመባት ቀን የእርሱ ተራ ስለነበረች ነገ ለሌላው ሳይሰጥ እንዲጠግብ ብሎ ከትምህርት በፊት ደጋግሞ ስቦታል። እንደዚህ የማዋጣት አቅም የሌላቸው ተማሪዎች ደግሞ በሱቁ ውስጥ «በሳብ» ይጠቀማሉ፤ አንድ ሳብ 10 ብር ነው። ዋጋው ውድ ስለሆነ ተማሪ አይደርስበትም ብለን በኮሚቴው ያወራነው ሁሉ በዚህች አንዲት ቃል ፈረሰ። ሲጋራ በነጠላ፣ ስኳር በማንኪያ፣ ዘይት በቡና ስኒ በሚሸጥበት ሰፈር ቬፕ በሳብ እንደሚሸጥ መገመት ነበረብን።

ቦታውም ታወቀ። ከትምህርት ቤቱ በር ወደ ታች ሠላሳ እርምጃ የማይሞላ፣ የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀርና ጆሮ ማዳመጫ የሚሸጥ፣ ስልክም የሚጠግን ጠባብ ሱቅ ነው።

በቀን ሁለት ጊዜ

የሱቁ ስም ሲነሣ ያፈርኩበትን ምክንያት እዚህ ላይ በዝርዝር ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ይህ ጉዳይ ለሌላ ትምህርት ቤት የሚጠቅም ነገር ካለው ይህ ክፍል ነውና።

በትምህርት ቤታችን ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነበር። ክልከላው ተገቢ ነው፤ እኔም ድምፅ ከሰጡት አንዱ ነበርኩ። ይሁን እንጂ ስልኩ ከቤት ከወጣ በኋላ የት እንደሚቀመጥ ደንቡ አንድም ቃል አይልም ነበር። ብዙ ተማሪዎች ከሩቅ ሰፈር፣ አንዳንዶቹም ከቦሩ ሜዳ አቅጣጫና ከኮምቦልቻ ጭምር በታክሲ ስለሚመጡ ስልክ ሳይዙ ከቤት መውጣት አይችሉም። ስለዚህ በር ላይ የቆመው ጥበቃ፣ ስልክ ይዞ የመጣውን ተማሪ በዱላው ጫፍ ወደ ሱቁ እያመለከተ «እዚያ አስቀምጠህ ና» ይለው ነበር። ሱቁ በአንድ ስልክ በቀን 5 ብር እያስከፈለ ከመቶ በላይ ስልክ ያስቀምጥ ነበር። ልጆቹ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ሊያስቀምጡ፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሊወስዱ ይሰለፉ ነበር። ስልኮቹ የሚደረደሩት በመስታወቱ ሳጥን ላይ ነበር፤ ቬፖቹም ከመስታወቱ ሥር፣ ከጆሮ ማዳመጫዎቹ አጠገብ ከነቀለማቸው ተደርድረው ነበር። ሻጩ ማንንም መጥራት፣ ማንንም ማግባባት አላስፈለገውም። የእኛው ደንብ ልጆቹን በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ሱቁ ይልክለት ነበር፤ ስልክ ይዞ የዘገየውን ደግሞ የእኛው ጥበቃ እየመራ ያደርስለት ነበር።

ፍተሻው ለምን ባዶ እንደሆነም በዚህ ተገለጠ። ዕቃው ወደ ግቢ የሚገባው ተራ የደረሰው ልጅ ካልሲ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ፍተሻ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ አንዳንዱ ከስልኩ ጋር ሱቁ ውስጥ መዋል ጀመረ። ቦርሳ ነበር የምንፈትሸው።

የተሳሳተው ማስታወቂያ

ሱቁ ከታወቀ በኋላ ኮሚቴው ሁለተኛ ስሕተት ሠራ፤ ይህኛው ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያስቅ ነው። «ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ቬፕ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው» የሚል ጽሑፍ አሳትመን በትምህርት ቤቱ አጥርና በአካባቢው ሱቆች ላይ ለጠፍን። በሁለተኛው ቀን በሙያው ጠበቃ የሆነ አንድ ወላጅ ወደ ቢሮ ገብቶ «ይህን የጻፈው ማነው? ለ22 ዓመት ሰው መሸጥ ይቻላል እያላችሁ እኮ ነው» አለን።

እውነቱን ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 822/2006 አጽድቃለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል፤ የጤና ማስጠንቀቂያው የፓኮውን ፊትና ጀርባ 70 በመቶ እንዲሸፍን ያዝዛል፤ የትምባሆ ማስታወቂያን፣ ሺሻን፣ ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ደግሞ ጨርሶ ያግዳል። 21 ዓመት የተባለው ለሲጋራ ነው። ቬፕ ለ16 ዓመት ልጅም ሆነ ለ60 ዓመት ሽማግሌ አይሸጥም።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ማስታወቂያውን ያረቀቅነው ከኢንተርኔት ባየናቸው የውጭ አገር ምሳሌዎች ተነሥተን ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ ዝቅተኛው የመግዣ ዕድሜ 21 ሆኗል፤ በዚያ ሻጩ መታወቂያ ይጠይቃል፣ ካልጠየቀ ይቀጣል። እንግሊዝም ኋላ ላይ ከዕድሜ ገደቡ በተጨማሪ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2025 ጀምሮ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ዓይነት ከገበያ አስወጥታለች። ዕድሜ መጠየቅ ሕጋዊ ሻጭ ላለበት ገበያ የተበጀ ዘዴ ነው። ሕጋዊ ሻጭ በሌለበት ቦታ ስለ ዕድሜ ማውራት ሕገ ወጡን ዕቃ ሕጋዊ ያስመስለዋል፤ የደጃፋችን ሻጭም ኋላ ላይ «ራሳችሁ የለጠፋችሁት ወረቀት ለትልልቆቹ ሽጥ ይል ነበር» ሲለን መልስ አልነበረንም። ወረቀቶቹን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እየዞርን ላጥናቸው። በአንዱ አጥር ላይ በሙጫ የተጣበቀው እስከ ክረምት ዝናብ ድረስ አልለቅ ብሎ ቆይቷል።

ከሁለት መሥሪያ ቤቶች ጋር የነበረውን ምልልስ ባጭሩ አልፈዋለሁ። አንደኛው ሱቁን የምናውቀው በጤና ነክ ፈቃድ ስላልሆነ ጉዳዩ የሌላው ነው አለ። ሌላው ደግሞ ዕቃው የጤና ጉዳይ ስለሆነ ቅድሚያ የመጀመሪያው ይጻፍልን አለ። ሁለቱም ያነጋገሩን በትሕትና ነው፤ ሁለቱም ማመልከቻችንን በመዝገብ አስገብተው ቁጥር ሰጥተውናል።

አደራ

ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ መንገዳችንን ቀየርን። ሱቁ ያለበት ሰፈር እንደ ዕድር ያለ ቅሬ አለው፤ ወሎ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀብርበት፣ አብሮ የሚያስተዛዝንበት ነው። ሻጩም የቅሬው አባል ነው፤ ዕድሜው ሃያ አራት ገደማ ሲሆን ከዚሁ ትምህርት ቤት 12ኛ ክፍል የጨረሰ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ እያለ የሚጠራቸውን አንድ የቅሬውን ሽማግሌና አንድ ጡረታ የወጡ መምህርን ይዘን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቁ ሄድን።

ልጁ ሲያየኝ ተነሥቶ በርጩማውን ለሐጂ ሰጠ። እኔን «ቲቸር» ነው የሚለኝ፤ አስተምሬዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ተከራከረ። «ቲቸር፣ እኔ በዚህ ሱቅ ሲጋራ ሸጬ አላውቅም። ይሄ እንፋሎት ነው። ነጋዴው ከመርካቶ ሲልክልኝ ከቻርጀሩ ጋር ነው የሚልከው፤ ክልክል ቢሆን በአውቶብስ ይመጣ ነበር?» አለ። የኬሚስትሪ ባልደረባዬን ስሌት ነገርኩት፤ አዋጁንም ጠቀስኩለት። የቁጥሩም ሆነ የሕጉ ነገር ብዙ የነካው አልመሰለኝም።

የነካው ሐጂ የተናገሩት ነው። ሽማግሌው እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው በመስታወቱ ላይ የቀሩትን ሁለት ስልኮች ሲመለከቱ ነበር። «ልጄ፣ የእነዚህ ልጆች አባቶች ስልካቸውን ማን ዘንድ ነው ያስቀመጡት?» ብለው ጠየቁት። «እኔ ዘንድ» አለ። «ስልኩን ብቻ ነው ያስቀመጡት? ልጁም እኮ አብሮ ነው የሚመጣው። አደራ ተቀብለህ አደራ በላህ ሲሉህ እኔ ቅሬው ላይ ምን ብዬ ልመልስልህ?» አሉት። በአገራችን «አደራ በላ» ተብሎ መጠራት ከሌባ የሚከፋ ስም ነው፤ ሌባ የማያውቁትን ሰው ይሰርቃል፣ አደራ በላ ያመነውን ነው። ልጁ ወዲያው አልመለሰም። ከመስታወቱ ሥር ያሉትን አንድ በአንድ እያወጣ በካርቶን ከመረ።

ከዚያ በኋላ ያነሣው ጥያቄ ግን ቀላል አልነበረም። ዕቃዎቹን የወሰደው በዱቤ ነው፤ ቢመልሳቸው ነጋዴው ለሌላ ከተማ ይልካቸዋል፣ ባይመልሳቸው ዕዳው በእርሱ ላይ ይቀራል። ወደ ነጋዴው እንዳይመልስ፣ በቃለ ጉባኤ ተቆጥረው ለሚመለከተው አካል እንዲሰጡ ተስማማን፤ ዕዳውን ግን የሚሸከምለት አልተገኘም። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ የሥራው ዋጋ ነው ይላሉ። እኔ ሙሉ በሙሉ አልዋጥ ብሎኛል፤ ከመርካቶ የላከው ሰው ገንዘቡን ሳያጎድል አግኝቷልና። በቆጠራው ላይም አንድ ጉድለት ነበር። ቅዳሜ ዕለት በአፉ አሥራ አምስት ያላቸው ዕቃዎች ሰኞ ሲመዘገቡ አሥራ አንድ ሆኑ።

የተማሪዎች መማክርት አሥራ አንዱን በሰልፍ ሰዓት ፊት ለፊት እናቃጥላቸው ብሎ አመለከተ። ሐሳቡ ለማስተማሪያነቱ ጥሩ ይመስል ነበር፤ የኬሚስትሪ ባልደረባዬ ግን የሊቲየም ባትሪ እሳት ላይ ሲጣል እንደሚፈነዳ ባይነግረን ኖሮ ሌላ የጉዳይ ጥናት መጻፍ ይኖርብን ነበር። ዕቃዎቹ በታሸገ ሳጥን ቆይተው፣ የሚመለከተው አካል በደብዳቤ ተረከባቸው።

የጨርቅ ኪሶች

ሻጩ ቬፑን ለመተው ከተስማማ በኋላ አንድ ነገር ለመነን። «ስልኩን ግን አትውሰዱብኝ፤ ኪራዬን የምከፍለው በእርሱ ነው» አለ። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ይህ ከሁሉ በላይ አከራክሯል። ልጁ ቃል ገብቷል፣ ሽማግሌ መስክሯል፣ እንጀራውን ለምን እንዘጋለን የሚሉ ነበሩ፤ ጨካኞች አልነበሩም። ሌሎቻችን ደግሞ ችግሩ የዚህ ልጅ ባሕርይ ሳይሆን የመንገዱ አቅጣጫ ነው አልን። ነገ ሱቁን ሌላ ሰው ቢከራየው፣ ወይም ይኸው ልጅ ሌላ ነገር በመስታወቱ ሥር ቢደረድር፣ መቶ ተማሪ በቀን ሁለት ጊዜ ፊቱ መሰለፉ አይቀርም። በድምፅ ብልጫ ስልክ በግቢ ውስጥ እንዲቀመጥ ተወሰነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል በልብስ ሰፊ የተሰፋ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው የጨርቅ ኪሶች ያሉት መጋረጃ ተዘጋጀ። ጠዋት ተማሪው ስልኩን አጥፍቶ በቁጥሩ ኪስ ይከታል፤ የክፍል አለቃውና የክፍሉ ኃላፊ መምህር ቆጥረው ይፈርማሉ፤ መጋረጃው ተጠቅልሎ በዩኒት ሊደሩ ክፍል ባለ ቁም ሳጥን ይቆለፋል። ክፍያ የለውም። መምህራን የፈሩት «ቢጠፋ ማን ይከፍላል?» የሚለውን ነበር፤ ፍርሃታቸውም መሠረት ነበረው፣ አንድ ስልክ ከአንድ መምህር የወር ደመወዝ በላይ ሊያወጣ ይችላል። ይህ የተፈታው ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ እንዲሆንና ወላጆች በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የሚፈርሙት ቅጽ እንዲኖር በማድረግ ነው። ጥር ላይ አንድ ቀን ሁለቱም ቁልፍ ያዦች ቀርተው ተማሪው እስከ 8 ሰዓት ድረስ ስልኩን ሲጠብቅ ውሏል፤ ያን ዕለት የሰማሁትን ስድብ አልጽፈውም።

የፍተሻና የእገዳ ውሳኔውም ተነሣ። በምትኩ ራሱ ቀርቦ የተናገረ ተማሪ እንደማይቀጣ በሰልፍ ላይ ተነገረ። በመጀመሪያው ሳምንት የመጣ የለም። በሁለተኛው አንዲት ተማሪ ለሚኒ ሚዲያ የሚቀርብ ጽሑፍ አስመስላ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ውስጡ ግን የራሷ ታሪክ ነበር። የሲጋራ ሽታ ያለባት ሴት ልጅ በደሴ ምን እንደምትባል ታውቃለች፤ ቬፑ የሲጋራ ሽታ ስለሌለው ደፈረችው። አሁን ግን አርባ ደቂቃ መቀመጥ አቅቷታል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እናቷን ትቆጣለች። ኒኮቲን ያቋረጠ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ከሁሉ የባሰ እንደሚቸገር፣ ብስጭቱና የሐሳብ መበተኑ በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት እንደሚበርድ አስረዳኋት። በመካከል ስትወጣ አስተማሪ እንዳያስቆማት የፈቃድ ወረቀት ጻፍኩላት። ስድስት ቀን ቆማ ወደቀች፤ እንደገና ጀመረች። ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ ወረቀቱን መለሰችልኝ።

ከዚያ በኋላ

እስከ ሰኔ ድረስ በሱቁ ቬፕ አልታየም። የጎደሉት አራቱ ግን የት እንደደረሱ በየካቲት ታወቀ፤ ሁለት ተማሪዎች በባጃጅ የሚያደርስ አንድ ሰው በቴሌግራም እንዳገኙና በዚያው ማንጎ እንደገዙ ተናገሩ። ሱቁ ሲዘጋ ሽያጩ ጨርሶ አልጠፋም፤ ተበታተነ። ልዩነቱ፣ በቴሌግራም ለመግዛት ልጁ መፈለግ፣ መጠየቅ፣ ገንዘብ ማጠራቀም አለበት። በሱቁ ግን ስልኩን ሊያስቀምጥ የቆመ፣ ምንም ያልፈለገ ልጅ ነበር 10 ብር አውጥቶ የሚስበው። በክፍል ውስጥ የነበረው ሽታ መጥፋቱን እንደ ማስረጃ የሚቆጥሩ ባልደረቦች አሉ፤ እኔ ግን ሽታ የሌላቸው ዓይነቶችም ስላሉ በአፍንጫዬ ብቻ መተማመን ትቻለሁ። ይልቁንም ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ያስታወከ ተማሪ ሲኖር ቁርስ በልቶ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ሌላም ነገር እንጠይቃለን፤ ለጤና ጣቢያው ባለሙያም እንነግራለን።

ሻጩ ልጅ ከፋሲካ በኋላ ያገለገለ የፎቶ ኮፒ ማሽን አስገብቷል። የፈተና ሰሞን ተማሪ ይሰለፍለታል፤ የዱቤው ዕዳ ግን ገና አላለቀለትም። ሰላምታው አልተቀየረም፤ ዓይኑን ግን ከእኔ ያሸሻል።

በ2018 ዓ.ም. መስከረም ላይ አዲስ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲገቡ በር አካባቢ ቆሜ ነበር። አንድ ቀጭን ልጅ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ወደ ጥበቃው ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ይህን የት ነው የማስቀምጠው?» ሲል ጠየቀው። ጥበቃው እንደ ልማዱ ዱላውን አነሣና ወደ መንገዱ ሊዘረጋ ሲል ቆም አለ፤ ከዚያም ዞሮ ወደ ግቢው ውስጥ አመለከተው።